በሩን ትተሽ ጥሪው

ብሎን ሳቁን የሰማችው ከወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ እያለች ነው። ከወገቧ በላይ ካቢኔው ውስጥ ነበረች፤ እግሮቿ ብቻ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ስለነበር ሳሎን ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡት እናትና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የሚሉት ነገር አንድም ሳይቀር ይደርሳታል። እነሱ ግን የምትሰማቸው አልመሰላቸውም። ሰው ጭንቅላቱን ካቢኔ ውስጥ ሲከት ጆሮውንም አብሮ የሚዘጋ ይመስላቸዋል መሰል።

«ፈተናዋ ዛሬ አይደል?» አለ ታላቅየው። ይህ የእጮኛዋ ወንድም አየር ማረፊያ ነው የሚሠራው። የትኛው በረራ መቼ እንደሚነሣ በሚያምር እንግሊዝኛ ለመንገደኛው የሚናገረው ድምፅ የሱ ስለሆነ ዘመድም ጎረቤትም «አስተዋዋቂው» ይለዋል። «ሙያሽ ምንድን ነው ሲሏት ምን ልትል ነው? ፕለም-በር?» መጨረሻዋን ጎተት አደረጋት። «በር ገጣሚ መስላቸው አናጺዎቹ ጋ እንዳይልኳት ብቻ።»

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሲስቁ ታወቃት። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸው ያለ ምክንያት የመጣ መሰላቸውና ጠየቁ። «ምኑ ላይ ነው ግን ስሕተቱ?»

«እማዬ፣ እዚያች ቃል ውስጥ ቢ የምትባል ፊደል አለች። ትጻፋለች እንጂ አትጠራም። ፕላመር ነው የሚባለው።»

«ካልተጠራች ምን ልታደርግ ተጻፈች ታዲያ?»

«እሱን እንግሊዞቹን ጠይቂያቸው።»

ብሎን እስከዚህ ድረስ ምንም አልመሰላትም። እንዲያውም የእናትየው ጥያቄ እሷንም ፈገግ አሰኝቷት ነበር። ሦስተኛው ሳቅ ግን ቀጥሎ መጣ። አጭር፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሲኒማ ቤት ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ዘግይቶ የሚስቀው ሳቅ። የእጮኛዋ ሳቅ ነው። ከሺህ ሰው ሳቅ መሀል ለይታ የምታውቀው። ሳቀና ዝም አለ፤ አንድ ቃል እንኳን ጣል አላደረገም። የብሎን እጅ ጠምዛዛው ቱቦ ላይ እንዳለ ቆመ። ከአሮጌው ቱቦ የተረፈ ቀዝቃዛ ውኃ አንገትጌዋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ፊቷን ዞር ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረገችም።

ሰው በቀላሉ የሚያሳፍራት ሴት አይደለችም። ሥራ የተጠራችበት ቤት በር ከፍተው «ሠራተኛው የታለ?» ሲሏት፣ የመሣሪያ ሣጥኗን በሩ ላይ አስቀምጣ «እሱ ቀርቷል፣ እኔ መጥቻለሁ» ብላ ነው የምትገባው። ፍሳሽ የተደፋባት ቀን በአውቶቡስ ስትሳፈር ሰው ከአጠገቧ ሲሸሽ፣ «ሰፊ ወንበር አገኘሁ» ብላ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ብሎን የሚለውን ስም ያወጣላት ሙያውን ያስተማራት አጎቷ ነው፤ ትንሽ ናት፣ አንዴ ከገባች ግን አትወጣም ብሎ። ፕለምበር የሚለውን ቃልም የሰጣት እሱ ነው። ሣጥኑን ሲያወርሳት በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎላት ነበር፤ አንድም ፊደል ሳያጎድል። አሁን ከማጠቢያው ሥር ሆና ስታስበው፣ ቃሉን የተናገረችባቸው ቦታዎች ሁሉ በየተራ መጡባት። የኢንሹራንሱ ቢሮ። የባለ ፎቁ ዲፕሎማት ቤት። የትምህርት ቤቱ በር።

ማያያዣውን አጠበቀች፤ ካቢኔው ውስጥ እንዳለች እጇን ወደ ላይ ሰድዳ ውኃውን ከፈተች፤ ጣቷን በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዞረች። ደረቅ ነው። ወጣችና እጇን ታጥባ፣ አንገቷን በፎጣ ጠርጋ ሳሎን ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተበላ እንቁላል ሳህን፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ግማሽ የቀረ ማር አለ። እጮኛዋ መምህሩ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እያዞረ ነው፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«አለቀ እማማ» አለች። «ከእንግዲህ አይንጠባጠብም። ባልዲውን ማንሣት ይችላሉ።»

«ተባረኪ የኔ ልጅ። ነይ ሻይ ጠጪ።»

«እጠጣለሁ» አለችና ወንበር ስባ ከአስተዋዋቂው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ጋሼ፣ በር የሌለው እንዴት ነው የሚጠራው? ቅድም በደንብ አልሰማሁትም፤ ውኃው እየጮኸብኝ።»

አስተዋዋቂው ዳቦ እየጎረሰ ነበር። ጉሮሮውን እስኪጠራርግ ጊዜ ወሰደበት። ወንድሙን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ በዚያ አየር ማረፊያ በሚሰማው ለስላሳ ድምፁ «ፕላመር» አለ።

«ፕላመር» አለች ብሎን።

«ልክ ነሽ።»

«አመሰግናለሁ። ከፈተናው በኋላ ብሰማው ኖሮ አልጠቀምም ነበር።» ሻይዋን ቀዳች። ለአስተዋዋቂው በውስጧ ምንም አልያዘችበትም። እሱ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ሳቀ፤ ሲጠየቅ ደግሞ አስተካከለ። ሻይዋን ስትጨርስ መኝታ ክፍል ገብታ የሥራ ልብሷን ቀየረች፤ ንጹሕ ሸሚዝና የተተኮሰ ሱሪ ለበሰች፤ ሣጥኗን ማታ መጥታ ልትወስድ ወጥ ቤት ትታ ወጣች። መምህሩ ሊሸኛት አብሯት ወጣ።

ቁልቁለቱን ወረዱ። ቅዳሜ ስለሆነ ሱቆቹ ዕቃቸውን እስከ እግረኛ መንገዱ አውጥተው ዘርግተዋል፤ ፕላስቲክ ባልዲ፣ የሕፃናት ጫማ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ጃንጥላ። አንዱን የተዘረጋ ዕቃ ሲያልፉ መሀላቸው ገብቶ ይለያያቸዋል፤ ከዚያ ተመልሰው ይገናኛሉ። መምህሩ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለት ጊዜ ተወው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ብሎን ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

«ተው እንጂ።»

መሬት መሬት አየ። «የተዋወቅን ቀን። የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ልትሠሪ መጥተሽ፣ ለርዕሰ መምህሩ ራስሽን ስታስተዋውቂ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

«አስተማሪ እኮ ነህ። የሰው ልጅ ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የምታርም።»

«አንቺ ተማሪዬ አይደለሽም።»

«ምንህ ነኝ ታዲያ?»

ሊመልስ ሲል አውቶቡሱ መጣ። ሰው ሞልቶት ስለነበር ብረቱን ይዘው ተፋፍገው ቆሙ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የጀመሩትን መጨረስ አልተቻለም። ብሎን የሹፌሩን ማርሽ አቀያየር እያዳመጠች፣ ያ አጭር ሳቅ ለምን እንደዚህ እንደነቀነቃት አሰበች። ሰው ሊስቅባት ይችላል፤ ለምዳዋለች። ግን ይህ ሰው አጠገቡ ተኝታ ስታወራ፣ ከእናቷ ጋ በስልክ ስትሳሳቅ፣ ከደንበኛ ጋ ስትከራከር እየሰማት፣ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር በጆሮው ይዞ ዝም ብሎ ነበር። በልብሷ ጀርባ ላይ ቀለም ነክቷት እያየ እንደማይነግራት ሰው።

ፈተናው የሚሰጠው አዲስ በተሠራ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የውኃ መስመሩን የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋሉ። ቀደም ብለው ስለደረሱ ከመንገዱ ማዶ ያለ ካፌ ገቡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር አይተው ተያዩና አንድ ሻይ፣ አንድ ውኃ አዘዙ። አስተናጋጇ የናቀቻቸው በሚመስል ሁኔታ ጠረጴዛውን እንደገና ወለወለችው።

«እንደዚያ ስትይው ደስ ይለኝ ነበር» አለ መምህሩ፣ አውቶቡሱ ካቋረጠው ቀጥሎ። «የራስሽ አነጋገር ነው። ካረምኩሽ የሚጠፋብኝ መሰለኝ።»

«አንተ ደስ ያለህን ይዘህ ቤትህ ቁጭ አልክ። በየሰው ፊት ይዤው የምዞረው ግን እኔ ነኝ።»

«ልክ ነሽ።»

«ዛሬስ ለምን ሳቅክ?»

ብርጭቆውን አንሥቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። «እኛ ቤት ያልሳቀ ሰው፣ ቀጥሎ እሱ ላይ ነው የሚሳቀው። ልጅ ሆኜ እኮላተፍ ነበር። ወንድሜ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠርቶኝ 'ረጅም ገመድ' በል ይለኛል። እኔ እላለሁ፣ ቤቱ ይስቃል። በኋላ ሌላ ሰው ሲገኝ እኔም አብሬ መሳቅ ለመድኩ።»

ብሎን ይህን ሰምታው አታውቅም። ፊቱን ስታየው ያ ትንሽ ልጅ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ታያት፤ ልታዝንለትም ትንሽ ቀርቷት ነበር። «ገባኝ» አለችው። «እውነቴን ነው፣ ገባኝ። ማጠቢያው ሥር የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።» ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «በል አሁን ሁሉንም አውጣው። እስከ ዛሬ ሰምተህ ያሳለፍከውን ሁሉ። ሰዓት አለን።»

መጀመሪያ አመነታ። ኋላ አንድ ሲያወጣ ሌላው ተከተለው። ሪሲፕት የምትለው ሪሲት ነው፤ ፒዋ ለዓይን ብቻ ናት። መፍቻውን በእንግሊዝኛ ስትጠራው ከፊት ያለችውን ደብሊዩ ትተዋት፤ ሬንች ነው። መሰላል ላይ ስትወጣ ክላይምብ አይባልም፣ ክላይም ነው። ብሎን እዚህ ላይ አስቆመችው።

«ይህች ቢ ደግሞ የትም አትጠራም እንዴ?»

«ትጠራለች። ብዙውን ጊዜ ዝም የምትለው ከኤም ኋላ ሆና ቃሉን ስትዘጋ ነው፤ እንደ ፕላመር 'ኧር' ቢቀጠልበትም እንደዚያው።»

«ኤም ምን ብትላት ነው?» አለችና ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እሱም ሳቀ፤ ግን ሳቁን ሳይጨርሰው ገታው፤ የተፈቀደለት መሆኑን እርግጠኛ እንዳልሆነ ሰው።

ያስቸገራት ፊደሎቹ አይደሉም። ዝም የምትለዋን ፊደል አንዴ ካሳዩአት ትተዋታለች፣ በቃ። ያስቸገራት ሜይንተናንስ የሚለው ቃል ነው፤ የጥገና ክፍሉ ስም ስለሆነ ደግሞ መቅረት አይችልም። እሷ ስትጠራው ክብደቷን ሁሉ መሀሉ ላይ ትጥላለች። እሱ መጀመሪያው ላይ ነው ይላታል። ሁለቱንም ቢላት ልዩነቱ አልሰማ አላት። አራት አምስት ጊዜ ካስደገማት በኋላ መምህሩ ትንሽ አሰበና፣ ከአማርኛ ጀመረ።

«'ልጁ ይበላል' በይ። አሁን ደግሞ 'ዳቦው ይበላል' በይ። ፊደሉ አንድ ነው። የበላውን ከተበላው የሚለይልሽ ምንድን ነው?»

«አንዱን አጠብቀዋለሁ።»

«አዎ። እነሱ ደግሞ ቃሉ ውስጥ አንድ ቦታ መርጠው ይረግጡታል፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ረዘም ይላል፤ የቀረውን ቶሎ ቶሎ አልፈውት ይሄዳሉ። አንቺ ግን ሁሉንም እኩል ትረግጪዋለሽ፤ ወይም ያልሆነውን።» ጠረጴዛውን በጣቱ አንዴ ጠንከር፣ ሁለቴ ቀስ አድርጎ መታው። «ሜይን ላይ ርገጪ፤ ተናንስ ራሱ ይመጣል።»

ብሎን ጣቱን እያየች አለችው። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ በአፏ ውስጥ አንድ ነገር ቦታው ገባ፤ ጥርሱን ስቶ ሲሽከረከር የቆየ ብሎን ድንገት መስመሩን ሲይዝ እጅ ላይ እንደሚታወቀው። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት። ፊፍቲን ሲሆን መጨረሻው ላይ፣ ፊፍቲ ሲሆን መጀመሪያው ላይ። ኢንጂነር መጨረሻው ላይ። ሆቴልም መጨረሻው ላይ። አስተናጋጇ ጠረጴዛ እየተመታ የጠራት መስሏት ሁለት ጊዜ መጣች።

ከመግባቷ በፊት አጎቷ ጋ ደወለች። ለምን እንደደወለች ራሷም አታውቅም፤ ዕዳ የተወች ወይም አንድ ነገር ያለ ፈቃድ የወሰደች ስለመሰላት ይሆናል። የቢዋን ነገር ነገረችው።

«እኔም ከሰው አፍ ነው የለቀምኩት» አለ። «ልክ ካልሆነች ጣያት። የዛገ ቧንቧ ስትቀይሪ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? እስቲ አዲሱን በይልኝ።»

«ፕላመር።»

«ፕላመር» አለ አጎቷ፤ እንደሚቀምስ ሰው። «አፍ ውስጥ ቀለል ይላል። ሂጂ በይ፣ አትዘግዪ።»

ሆቴሉ ገና የቀለም ሽታ አለው። ተፈታኞቹ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ወንበሮቹ የላስቲክ ልባሳቸው አልተገፈፈም፤ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ብሎን ስትገባ አንደኛው ለጽዳት የመጣች መስሎት እግሩን ሰበሰበላት፤ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ተፈትኖ የጨረሰ አንድ ወጣት ኮቱን ሊወስድ ተመለሰ። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሷል፤ ጫማው ሲራመድ ጭቅ ጭቅ ይላል። እንዴት ነበር ቢሉት ኮቱን ይዞ ወጣ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ የአገር ልጅ ናት፤ ጠይም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ እስክሪብቶ በጣቷ የምታሽከረክር። ዋናው መሐንዲስ ግን የውጭ ሰው ነው፤ ሸምግሏል፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ዓይኑ ላይ ወርዷል። እንግሊዝኛው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ግን ከእንግሊዞቹ አገር የመጣ አይደለም። ቃሎቹ ሁሉ እየተንገራገጩ ነው የሚወጡት። ሙያዋን ጠየቃት። ብሎን ቀና ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ቃል አወጣች።

«ፕላመር።»

መሐንዲሱ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። «ድራመር?»

«ፕላመር» አለች፤ መጀመሪያውን ረገጥ አድርጋ።

ሰውዬው በጣም አዘነ። ከበሮ መቺዎቹና ሌሎቹ ሙዚቀኞች የሚፈተኑት ላይኛው ፎቅ ላይ መሆኑን፣ አሳንሰሩ ደግሞ ገና እንዳልተከፈተ በትሕትና አስረዳት። ብሎን ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነች። ይህን ያህል ለፍታ ያገኘችው ቁልፍ በሩ ላይ አልገጥም አለ። እጇን ተመለከተች፤ ጥፍሯ ሥር ከጠዋቱ ሥራ የቀረ ጥቁር ነገር አለ። ከዚያ ትከሻዋን ዘና አድርጋ፣ «ፕለምበር» አለችው፤ እንደ ዱሮዋ።

«አ፣ ፕሉም-በር» አለ ሰውዬው ፊቱ በርቶ። የሱ በር ከእሷ በር ይሰፋል። ጠረጴዛውን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ኃላፊዋ አንገቷን ወረቀቶቿ ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ብሎንም ልትገታው ሞክራ ሳቀች፤ ሽማግሌው ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ ቀለላት። ስለ ግፊት ጠየቃት፣ ስለ ሙቅ ውኃ መስመር ጠየቃት፤ ቃል ሲጠፋት በእጇ እየሣለች አስረዳችው፤ እሱም ቃል ሲጠፋው በእጁ ይሥላል። ሜይንተናንስን ሁለት ጊዜ አገባችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሜይን ላይ ረግጣ። ሰውዬው ልዩነቱን ያስተዋለ አይመስልም። እሷ ግን ቃሉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ራሷን ሰማችው፤ ደስ አላት።

ምድር ቤት ወረዱ። ለፈተናው የተዘጋጀ አሮጌ ፓምፕ ከአንድ መስመር ቧንቧ ጋር ተገጥሟል። መሐንዲሱ የእጅ ሬዲዮ ሰጣትና እሱ ከክፍሉ ማዶ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ሄደ። ሥራው ቀላል ነው፤ በሬዲዮ የሚነግራትን ያህል ግፊት ማምጣት። ፓምፑ መጮህ ሲጀምር ድምፁ መጣ። ፊፍቲ-ን ይሁን ፊፍቲ አልለየላትም። መምህሩ እንዳላት የተረገጠውን ፈለገች፤ መጀመሪያውን አዳመጠች፣ መጨረሻውን አዳመጠች። ሽማግሌው የትም አልረገጠም። ቃሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ጠፍጣፋ ብረት እኩል ነው። አጠገቧ ያለውን መገጣጠሚያ አየች፤ ወለሉ ላይ ገና ያልደረቀ ውኃ አለ። ቅድም ኮቱን ሊወስድ የመጣው ወጣት እርጥብ ጫማ ትዝ አላት።

መገመት ትችል ነበር። ሰው ፊት ደግማ መጠየቅ፣ ያውም በፈተና ላይ፣ አልሰማሁም ማለት ነው፤ አልሰማሁም ማለት ደግሞ አላውቅም ማለት ይመስላል። ብሎን የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። «አምስትና ዜሮ ነው ወይስ አንድና አምስት?» አለች በምትችለው እንግሊዝኛ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ለያይታ።

«አንድና አምስት» የሚል መጣ። ብሎን የግፊት መለኪያው መርፌ አሥራ አምስት ላይ እስኪቆም መቆጣጠሪያውን ቀስ አድርጋ ከፈተችው። መገጣጠሚያው ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

መሐንዲሱ ከማሽኖቹ ጀርባ ሲወጣ በፎጣ እጁን እየጠረገ ነበር። ኃላፊዋ መሀላቸው ቆማ አስተረጎመች፤ ብሎን ግን አብዛኛውን ራሷ ገብቷት ነበር። «የኔ እንግሊዝኛ መጥፎ ነው» አለ ያለ ምንም እፍረት። «የወጥ ቤቱ አለቃም እንግሊዝኛ መጥፎ ነው። እዚህ የሚያድረው እንግዳም እንደዚያው ይሆናል። ያልገባትን የምትጠይቅ ሰው ካላገኘሁ ይህ ሕንፃ በውኃ ይሞላል።» ሰኞ እንድትጀምር ነገራት።

ኃላፊዋ እስከ መውጫው ሸኘቻት። «ስታስቂኝ ልወድቅ ነበር» አለቻት በሩ ጋ ሲደርሱ። «ደግሞ ልንገርሽ፣ ፕላመር ያልሽው ልክ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ብሎን። «ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት።»

መምህሩ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ፊቷን አይቶ ሳትነግረው ገባው፤ መኪና እስኪያልፍ እንኳ ሳይታገሥ ተሻገረና አቀፋት። ብሎንም አቀፈችው። ደስታዋ እውነተኛ ነው፤ እሱም ከልቡ ነው የተደሰተው። ቢሆንም በደረታቸው መሀል የጠዋቱ ነገር እንዳለ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም ሳያነሡት አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ እናቱ ቤት ተመለሱ።

እናትየው በሩን ሲከፍቱ ወሬውን ከፊቷ አነበቡት፤ ግንባሯን ስመው ሻይ ሊጥዱ ገቡ። አስተዋዋቂው የማታ ተረኛ ስለነበር የደንብ ልብሱን ለብሶ ሶፋው ላይ ካልሲውን እያጠለቀ ነው። «እና፣ በሩን ትተሽ ገባሽ?» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀልዱ እዚያው ቤት ስለተወለደ ብቻ ያነሣው ነበር። ብሎን ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ስለ ድራመሩ፣ ስለ ላይኛው ፎቅ ሙዚቀኞች፣ ስለ ሽማግሌው ሰፊ በር። የሰውዬውን ቅንድብ በጣቶቿ እያሳየች ነው የምታወራው። አስተዋዋቂው አንድ እግሩን ባዶ እንዳደረገ ተንከተከተ፤ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ። እናትየው ከወጥ ቤት ብርጭቆ ይዘው መጥተው በቁማቸው ሳቁ። መምህሩ ብቻ ነበር ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሰማት፤ ይሳቅ አይሳቅ ግራ ገብቶት፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ጨምቆ።

«እና ሰኞ ልብስ ይሰጡኛል» ብላ ቀጠለች ብሎን፤ ደስታው አሟሙቋት። «ደረቴ ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያም አለው። ሱፐርቫይዘር ይላል፣ በትልቁ።» ቃሉን ስትጠራው ቫይ የምትለው ላይ ሙሉ ክብደቷን ጥላ ነበር። አስተዋዋቂው ቀና አለ። የከንፈሩ ጫፍ ሲነሣ ብሎን አየችው፤ ጠዋት ከበሩ ወዲያ ሆና ያላየችው ፊት ይህ መሆን አለበት።

«መጀመሪያው ላይ ነው» አለ መምህሩ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። ድምፁ ግን የካፌው ድምፅ ነው፤ የሚያስተምር ሰው ድምፅ፤ ሳቅ የሚባል ነገር የለበትም። «ሱ ላይ ነው የምትረግጪው» አላት፣ እሷን ብቻ እያየ። «ቫይዘር ቀለል ብሎ ያልፋል።»

አስተዋዋቂው ሊል የነበረውን ይዞ አፉን ገጠመ። እናትየው ብርጭቆዎቹን እንደያዙ ከአንዱ ልጃቸው ወደ ሌላው አዩ። ብሎን እጮኛዋን ትክ ብላ ተመለከተችው። ትንሽ ተናዳለች፤ መቼም ሰው ፊት መታረም ማንን ደስ ይለዋል። ከንዴቱ ሥር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲከብዳት የነበረው ነገር ሲነሣላት ታወቃት።

«እንዴት? እስቲ ድገመው።»

ደገመላት፤ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ።

«ሱፐርቫይዘር» አለች።

«እንደሱ።»

«እሺ» አለችና ወደ ሌሎቹ ዞራ፣ «ሱፐርቫይዘር ይላል፣ በትልቁ። ደግሞ አሳንሰሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ነኝ ብዬዋለሁ ሽማግሌውን» ብላ ወሬዋን ካቋረጠችበት ቀጠለች።